ሻምፒዮኑን ማን ያውቀዋል? የፑል ተጫዋቾች ዝና እንዴት ይሠራል

እስቲ ከመጀመራችን በፊት አንድ ትንሽ ሙከራ እንሥራ። የአምስት እግር ኳስ ተጫዋቾችን ስም ጥሩ። ቀላል ነው፣ አይደል? አሁን ደግሞ የአምስት ሯጮችን ስም ጥሩ። ኃይሌ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ይሄም አላስቸገራችሁም። በመጨረሻ የአንድ፣ የአንድ ብቻ፣ የፑል ተጫዋች ስም ጥሩ።

አብዛኞቻችሁ እዚህ ላይ ዝም ብላችኋል። የሚገርመው ግን ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ባለ ቁጥር ኳሶች፣ ረጅም ስቲክ ስንል ሁላችሁም ዓይናችሁ ላይ ይመጣል። ፑል ባትጫወቱ እንኳ ከረንቡላ ቤት ደጃፍ ቆማችሁ አይታችሁ ይሆናል። ታዲያ ጨዋታው ይህን ያህል ከታወቀ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚጫወቱት ሰዎች ስማቸው ለምን አይታወቅም?

ጥያቄው ስለ ፑል ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በሥራው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ይታወቃል ወይ? የሚታወቀውስ ሁሉ ጎበዝ ነው ወይ? ፑል ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው፤ ምክንያቱም ማን እንዳሸነፈ በቁጥር ይታወቃል፣ ማን ዝነኛ እንደሆነ ደግሞ በጎዳና ይታወቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ማነጻጸር እንችላለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ እንዲህ አልነበረም

የቢሊያርድ ተጫዋቾች ሁልጊዜ ያልታወቁ ነበሩ ብላችሁ እንዳታስቡ። በ1859 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ማይክል ፌላን እና ጆን ሲራይተር የተባሉ ተጫዋቾች በ15,000 ዶላር ተወራርደው ተጋጠሙ። በዚያ ዘመን 15,000 ዶላር የጤና ገንዘብ አልነበረም። ጨዋታውን ፌላን አሸነፈ፤ ስሙም በጋዜጣ ናኘ።

ሌላ ማስረጃ እንጨምር። በ1887 አለን ኤንድ ጊንተር የተባለ የአሜሪካ የሲጋራ ኩባንያ በየፓኮው ውስጥ የስፖርተኞችን ሥዕል የያዙ ትንንሽ ካርዶች ይጨምር ነበር። ካርዶቹ ላይ ያሉት እነማን መሰሏችሁ? የቤዝቦል ተጫዋቾች፣ ቦክሰኞች፣ ነፍጥ ተኳሾች፣ ቀዛፊዎች፣ እና የቢሊያርድ ተጫዋቾች! ያኔ የቢሊያርድ ሻምፒዮን ከቦክስ ሻምፒዮን ጎን የሚቀመጥ ሰው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ጨዋታው ራሱ ዝናን የሚከለክል ነገር የለውም። የተቀየረ ሌላ ነገር አለ። እሱን ለማግኘት የሁለት ሰዎችን ታሪክ እንመልከት።

ያሸነፈው እና የታወቀው

የመጀመሪያው ሰው ዊሊ ሞስኮኒ ይባላል። ከ1941 እስከ 1957 ባሉት ዓመታት የስትሬት ፑልን የዓለም ሻምፒዮናነት 15 ጊዜ ወስዷል። በ1954 በኦሃዮ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ባደረገው የትርዒት ጨዋታ ላይ አንድም ሳይስት 526 ኳሶችን በተከታታይ አስገባ። በዚህ ጨዋታ 14 ኳሶች ከገቡ በኋላ እንደገና ይደረደራሉ፤ ስለዚህ ኳሶቹ ከ35 ጊዜ በላይ ተደርድረውለታል። ይህን ክብረ ወሰን ሌላ አሜሪካዊ፣ ጆን ሽሚት፣ 626 አስገብቶ እስኪሰብረው ድረስ 65 ዓመት ፈጅቷል።

ሁለተኛው ሰው ሩዶልፍ ዋንደሮን ይባላል። ይህ ሰው አንድም ትልቅ ውድድር አሸንፎ አያውቅም። ኑሮው ከውድድር አዳራሽ ይልቅ በየከተማው እየዞሩ በገንዘብ መጫወት ነበር። በአሜሪካ ጎዳና ላይ ግን ከሞስኮኒ ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነበር! እንዴት?

በ1959 ዋልተር ቴቪስ የተባለ ደራሲ «ዘ ሀስለር» የሚል ስለ ፑል ቁማርተኞች የሚተርክ ልቦለድ አሳተመ። በልቦለዱ ውስጥ «ሚኔሶታ ፋትስ» የሚባል አንድ ወፍራም የፑል ጌታ አለ። በ1961 ልቦለዱ ፊልም ሆነና ታዋቂው ፖል ኒውማን ተወነበት። ይኼኔ ወፍራሙ ዋንደሮን ብድግ ብሎ «ያ ሰው እኔ ነኝ» አለ። ደራሲው ገጸ ባሕርዩን ከራሱ አእምሮ እንደፈጠረው ደጋግሞ ቢናገርም ሰሚ አላገኘም። ዋንደሮን የተወለደው ኒውዮርክ ነው፤ ሚኔሶታ ከሚባለው ግዛት ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አልነበረውም። ቢሆንም ስሙን «ሚኔሶታ ፋትስ» አሰኘና ቀልደኛ አንደበቱን ይዞ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ሰው ወደደው።

ይህ ለሞስኮኒ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አስቡት። ለዚያው ፊልም የፑል አማካሪ ሆኖ ተዋንያኑን ያሠለጠነው እኮ እሱ ነበር! በ1978 ሁለቱ ሰዎች ኒውዮርክ ውስጥ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ተጋጠሙ። ሞስኮኒ የ64 ዓመት ሰው ነበር። ዋንደሮን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያወራ ተመልካቹን አሳቀ፤ ሞስኮኒ ዝም ብሎ ኳሶቹን አስገባ። በቀላሉም አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ግን ዋንደሮን ያው ዝነኛ ነበር። መሸነፉ ከዝናው ላይ ምንም አልቀነሰበትም።

ጎበዝ ሲጫወት ለምን ቀላል ይመስላል?

እዚህ ላይ ወደ ፊዚክስ እንግባ፤ ምክንያቱም ለሞስኮኒ ዓይነቱ ሰው ዝና እንቅፋት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ያለው ኳሶቹ ላይ ነው።

የፑል ኳሶች ክብደታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ነጯ ኳስ ሳትሽከረከር ተንሸራትታ ሄዳ ሌላዋን ኳስ ፊት ለፊት ብትመታት፣ ነጯ ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ ፍጥነቷን ለተመታችው ኳስ አስረክባለች። በጎን በኩል ከመታቻት ደግሞ ሁለቱ ኳሶች በመካከላቸው 90 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ፈጥረው ይለያያሉ። ተጫዋቹ ነጯን ከመሃሏ ዝቅ አድርጎ ከመታት ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትሄድና ከግጭቱ በኋላ ወደ እሱ ትመለሳለች። ከመሃሏ ከፍ አድርጎ ከመታት የተመታችውን ኳስ ተከትላ ወደፊት ትሄዳለች። ከግራ ወይም ከቀኝ ከተመታች ደግሞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ስትነካ አቅጣጫዋን ትቀይራለች።

እነዚህን ሕጎች በሒሳብ ቀምሮ በ1835 መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ጋስፓር ኮሪዮሊስ ነው። አዎ፣ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ስትማሩ ስሙን የምትሰሙት ኮሪዮሊስ! የፑል መጽሐፉን የሚያውቅለት ግን ጥቂት ሰው ነው። ዝና እዚህም ላይ እንደፈለገች ነው የምትሄደው።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ጀማሪ ተጫዋች የሚያስበው «ይህችን ኳስ እንዴት ላስገባ?» ብሎ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ግን «ይህችን ካስገባሁ በኋላ ነጯ የት ትቁም?» ይላል። ነጯን ትክክለኛው ቦታ ላይ ካቆማት ቀጣዩ ምት ቀላል ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ሞስኮኒ 526 ኳሶችን ሲያስገባ አብዛኛው ምት ለተመልካች «ይሄንንማ እኔም አስገባዋለሁ» የሚያሰኝ ነበር። የከበደው ነገር ምቱን ቀላል ማድረጉ ነው፤ እሱ ደግሞ ለተመልካች አይታይም።

ጀማሪው በተቃራኒው ነጯን የትም ይተዋታል። ስለዚህ የሚቀጥለው ምት አስቸጋሪ ይሆንበታል፤ አንዳንዴ እንደ ምንም ብሎ ሲያስገባው ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ልክ እንደ ሹፌር ነው። በድንገት ፍሬን ይዞ ከአደጋ ያተረፈንን ሹፌር ስናመሰግን እንውላለን፤ ከመጀመሪያውም አደጋው አጠገብ ያልደረሰውን ግን ሹፌርነቱንም አናስተውልም።

ሩጫ ላይ ይህ ችግር የለም። ማንም ሰው መሮጥ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቀድሞ የገባውን በዓይኑ ያያል። ፑል ላይ ግን ችሎታውን ለማየት ራሱ ትንሽ እውቀት ይጠይቃል። እውቀቱ የሌለው ተመልካች የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ልብሱን፣ ቀልዱን፣ ቅጽል ስሙን።

ላለው ይጨመርለታል

በ1968 ሮበርት መርተን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ስለ ሳይንቲስቶች ዝና አንድ ጽሑፍ አወጣ። እኩል ሥራ ከሠሩ ሁለት ሳይንቲስቶች መካከል ምስጋናውን የሚወስደው ቀድሞ ስም ያለው ነው ይላል። ይህን ክስተት «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ ጠራው፤ ስሙን የወሰደው በማቴዎስ ወንጌል ውስጥ ላለው ሰው እንደሚጨመርለት፣ ከሌለው ደግሞ ያው ያለችው እንደምትወሰድ ከተነገረው ቃል ነው።

የዋንደሮን ዝና በዚህ መንገድ ይገባናል። አንዴ ስሙ ከታወቀ ጋዜጠኛ ስለ ፑል መጻፍ ሲፈልግ የሚጠራው እሱን ነው። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የበለጠ ይታወቃል፤ የበለጠ ሲታወቅ የበለጠ ይጠራል። ሳይንስን በሚመለከተው በመርተን ጥናት እንኳ ሁለቱም ሳይንቲስቶች ሥራውን ሠርተዋል፤ እዚህ ግን ዝናው ከነጭራሹ ያለ ድል መሽከርከር ጀመረ።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ሸርዊን ሮዘን የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እንዳስረዳው፣ ሁሉም ሰው አንድን ተጫዋች በአንድ ጊዜ ማየት ሲችል ሁለተኛውን ለማየት የሚፈልግ እያነሰ ይሄዳል። በችሎታ በጥቂቱ የሚበላለጡ ሰዎች በገቢ እና በዝና የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ቀለም ያለው ቴሌቪዥን ያመጣው ጉድ

ቴሌቪዥን ግን ጉዳት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝን ስኑከር እንይ። ስኑከር ከፑል ጋር የሚዛመድ፣ ግን በትልቅ ጠረጴዛ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ኳሶቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ጥቁር እና ነጭ ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቢቢሲ ባለ ቀለም ስርጭት ሲጀምር ቀለምን የሚያሳይ፣ ወጪው ትንሽ የሆነ ፕሮግራም ይፈልግ ነበር። ስኑከር ተገኘለት! «ፖት ብላክ» የተባለው ፕሮግራም በ1969 ተጀመረ። ጠረጴዛው ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ጥቂት ካሜራ ይበቃዋል፤ የተጫዋቹም ፊት ከቅርብ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በ1985 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ስቲቭ ዴቪስ 8 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ትልቅ መነጽር የሚያደርገው ዴኒስ ቴይለር እየተከተለ እየተከተለ 17 ለ 17 ደረሰ። የመጨረሻው ዙር በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ተወሰነ፤ ቴይለር አስገባት። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። በእንግሊዝ 18.5 ሚሊዮን ሰው እየተመለከተ ነበር፤ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው የጨዋታውን ሕግ በቴሌቪዥን ቀስ በቀስ ተምሮታል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ምን እንደሚያይ ያውቅ ነበር። እንግሊዝ በኋላ ለስቲቭ ዴቪስም፣ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለሆነው ለሮኒ ኦሱሊቫንም የመንግሥት ኒሻን ሰጥታለች።

ቻይናም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ2005 ገና 18 ዓመት የሞላው ዲንግ ጁንሁይ ቤጂንግ ላይ ታላቁን ስቴፈን ሄንድሪን በፍጻሜ አሸነፈ። ያንን ጨዋታ በቻይና ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደተመለከተው ይገመታል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ የዲንግን ጨዋታ እያየ ካደገው ትውልድ የሆነው ዣኦ ሺንቶንግ የመጀመሪያው ቻይናዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። መታወቅ ለተጫዋቹ ክብር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ለሚቀጥለው ልጅ «ይቻላል ለካ!» የሚል ምልክት ነው።

መታወቅ ኪሳራ ሲሆን

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ፤ መታወቅን የሚሸሽ ሻምፒዮን።

ኤፍሬን ሬየስ በ1954 ፊሊፒንስ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ማኒላ ውስጥ በአጎቱ ፑል ቤት ይሠራ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ቁመቱ አልደርስ ስላለው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ይጫወት ነበር፣ ማታም ጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር ይባላል። ቅጽል ስሙ «ባታ» ነው፤ በአገሩ ቋንቋ «ልጅ» ማለት ነው። እዚያው ቤት ሌላ ትልቅ ኤፍሬን ስለነበር ለመለየት ነው እንዲህ የተባለው።

በ1985 ሬየስ ወደ አሜሪካ ሄደ። በገንዘብ ለመጫወት ግን አንድ ችግር ነበረበት። ጉብዝናው በወሬ ቀድሞት ደርሷል፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከእሱ ጋር አይወራረድም። ስለዚህ «ሴሳር ሞራሌስ» በሚል የውሸት ስም ተጫወተ። በዚሁ ስምም ሂዩስተን ውስጥ አንድ ውድድር አሸነፈ። እስቲ አስቡት፦ ሯጭ ወርቅ ካገኘ በኋላ ስሙ በተጠራ ቁጥር ይጠቀማል። በውርርድ የሚተዳደር የፑል ተጫዋች ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር እንጀራው ይቀንሳል!

ሙያው ከዝና ጋር የተጣላበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። ለብዙ ዓመታት ጎበዞቹ ችሎታቸውን የሚደብቁበት ዓለም ነበር። ከቁማር ጋር መያያዙም ስሙን አበላሽቶታል፤ በእኛም አገር ፑል ቤት ሲባል የብዙ ወላጅ ፊት የሚቀያየረው ለዚህ ነው። ወላጆች ስለ ቁማሩ የሚያስቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ግን በዚያው ዳኝነት ጨዋታው ራሱ፣ ከነጂኦሜትሪውና ከነትዕግሥቱ፣ አብሮ ይፈረድበታል።

ሬየስ በኋላ በራሱ ስም ወጣ። በ1994 የአሜሪካን ክፍት የናይንቦል ሻምፒዮና ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ያልሆነ ተጫዋች ሆነ፤ በ1999 ካርዲፍ ከተማ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፊሊፒንስ ውስጥ ዛሬ እሱን የማያውቅ ማግኘት ይከብዳል።

ዝና እንጀራ ይሆናል?

በ2006 ሬየስ ኔቫዳ ግዛት ሪኖ ከተማ ላይ አንድ ውድድር አሸንፎ 500,000 ዶላር ተሸለመ። በፑል ታሪክ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ሽልማት ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አዘጋጁ ድርጅት ገንዘብ አጠረውና ለተጫዋቾቹ በአንዴ መክፈል አልቻለም፤ በትንሽ በትንሹ እከፍላለሁ አለ። ብዙም ሳይቆይ ውድድሩ ራሱ ቀረ። ሰፊ ተመልካች የሌለው ስፖርት በጥቂት ሰዎች ኪስ ላይ ይንጠለጠላል፤ ኪሱ ሲቀደድ ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

የሴቶቹን ታሪክም እናንሳ። ከኒውዮርኳ ብሩክሊን የመጣችው ጂን ባሉካስ በ1972፣ በ13 ዓመቷ፣ የአሜሪካን ክፍት የሴቶች ሻምፒዮና አሸነፈች። ከዚያ ሰባት ዓመት በተከታታይ የሚያሸንፋት አልተገኘም። ከዚያው ከብሩክሊን የወጣችው ሌላዋ ተጫዋች ጃኔት ሊ ናት። የአከርካሪ አጥንት መጣመም ሕመም ይዟት ጀርባዋ ውስጥ ብረት ተገጥሞላታል፤ በሕመም እየተጫወተች በ1990ዎቹ የዓለም አንደኛ ሆናለች፣ በ2001 የዓለም ጨዋታዎች ወርቅ ወስዳለች። ሕዝቡ ግን ከሜዳሊያዎቿ ይልቅ የሚያስታውሰው ጥቁር ልብሷን እና «ጥቁሯ መበለት» የሚለውን የሸረሪት ስም ነው። ሊ ይህን አውቃ ተጠቀመችበት፤ ማስታወቂያ አገኘች፣ የሴቶች ፑልም አብሯት ታየ። ባሉካስን ግን ዛሬ ከጨዋታው ሰዎች ውጪ የሚያስታውሳት ጥቂት ነው።

ታዲያ ፍትሐዊው እውቅና የቱ ነው?

የጨዋታው ሰዎች ራሳቸው አንድ መፍትሔ ሞክረዋል። በ1966 አሜሪካ ውስጥ የቢሊያርድ የዝነኞች አዳራሽ ተመሠረተ። ሞስኮኒ በ1968 «ታላላቅ ተጫዋቾች» በሚለው ክፍል ስሙ ገባ። ባሉካስ በ1985፣ ሬየስ በ2003፣ ሊ በ2013 ገቡ። ዋንደሮንስ? እሱም በ1984 ገብቷል፤ ግን «ታላላቅ ተጫዋቾች» ውስጥ አይደለም፣ ለጨዋታው ውለታ የዋሉ ሰዎች በሚመዘገቡበት ክፍል ነው። ፍርዱ ብልህ ነው። ዋንደሮን ታላቅ ተጫዋች ነበር ብሎ አይዋሽም፤ በእሱ ቀልድ ምክንያት ስንት ሰው ስቲክ እንዳነሳም አይክድም።

እውቅና ሁለት ነገር እንደሆነ ከዚህ ትረዳላችሁ። አንደኛው «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ነው፤ ሁለተኛው «ይህ ሰው ምን እንደሠራ አውቃለሁ» ነው። የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን በአንድ ሌሊት ይሰጣል። ሁለተኛውን የሚሰጠው የተማረ ዓይን ያለው ተመልካች ብቻ ነው።

ያ ዓይን ደግሞ በነጻ ይገኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ፑል ሲጫወቱ ስታዩ፣ በቴሌቪዥንም ይሁን በስልክ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የምትገባዋን ኳስ ተዉአት። ነጯን ኳስ ተከተሉ። የት እንደምትቆም ከመመታቷ በፊት ገምቱ። ግምታችሁ መሳሳት ይጀምርና ቀስ በቀስ ይቃናል። ያን ጊዜ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ተጫዋቹም ፊቱን ሳያዞር፣ ነጯ ቀስ ብላ ሄዳ መቆም ያለባት ቦታ ላይ ስትቆም ታያላችሁ። እዚያ ላይ ማጨብጨብ ከቻላችሁ ያ ተጫዋች የሚገባውን እውቅና አገኘ ማለት ነው።